የእናት ሳምንት

እኛ ሕንፃ ላይ የገዛ ልጁን የሚያሳድግ ሰው የለም። ይህን ስናገር ከሩቅ የመጣ እንግዳ አፉን ይይዛል፤ እኔ ደግሞ ምኑ እንደሚያስደነግጠው አይገባኝም። የጎረቤቴን ልጅ አዝዬ ወደ ሥራ ስወጣ ግብሬ ይቀልልኛል። ጎረቤቴም የእኔን ስታዝል እንደዚያው። የራሴን ካዘልኩ ግን እናት ነኝ፣ እናትነት ደግሞ በአዋጁ እንደ አገልግሎት አልተቆጠረም። ስለዚህ ልጄ ውዳላት ሦስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት እስኪቀራት ድረስ ከእኔ ጀርባ ይልቅ የጎረቤቶቼን ጀርባ ታውቅ ነበር።

አዋጁ የወጣው እኔ ሳልወለድ ነው፤ በደግነት እንደወጣ አልክድም። ያኔ ሞግዚት መቅጠር የባለጠጋ ነገር ሆኖ፣ እናቶች ልጃቸው ላይ በር ቆልፈው ወደ ሥራ ይሄዱ ነበር ይባላል። መንግሥት የሌላ ሰው ልጅ ለሚጠብቅ ግብር አቀልላለሁ፣ አቅም ላጠረውም እደጉማለሁ አለ። ሕዝቡም እሰይ አለ። ከዚያ በአንድ ከተማ፣ የትኛው ከተማ እንደሆነ እስከ ዛሬ ይጣሉበታል፣ ሁለት ጎረቤታሞች ደጃፍ ላይ ቆመው "አንቺ የእኔን ያዢ፣ እኔ ያንቺን ልያዝ" ተባባሉ። ልጆቻቸው በአንድ ግድግዳ ወዲህና ወዲያ ተቀያየሩ፣ የሁለቱም ግብር ቀለለ። አዋጁን ያወጡት ሰዎች ነገሩ እስኪገባቸው ድረስ አገሩ ሁሉ ልጅ ተለዋውጦ ጨርሶ ነበር።

የእኛ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ከተመቸው ዕቁብ ሳያደርገው አይተኛም። ደርዘን ቤት ይሰበሰባል፣ ዳኛ ይመርጣል፣ ልጆቹ በየሳምንቱ ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ። ልጅ የሌለውም ቤት ይገባል፤ ጀርባ እስካለው ድረስ ማን ይከለክለዋል? እኔ በምኖርበት ሕንፃ፣ ዝዋይ ሐይቅ ዳር፣ የዕቁባችን ዳኛ ጋሽ መርጊያ ናቸው። በወጣትነታቸው ሰው በጀልባ ያሻግሩ ነበር። ሐይቁ አንድ ጊዜ ሸሽቶ ከተመለሰ ወዲህ ግን ጥልቁ የት እንደሆነ አይታወቅም ብለው ጀልባቸውን በረንዳቸው ላይ አውጥተው ሽንኩርት ተክለውባታል።

ርክክቡ እሁድ ንጋት ላይ ነው፣ ልጆቹ እንቅልፍ ላይ እንዳሉ። ይህ የጋሽ መርጊያ ዘዴ ነው፣ አሁን ከተማው በሙሉ ወርሶታል። ነቅቶ የተሰጠ ልጅ ያለቅሳል፤ ተኝቶ የተሰጠ ልጅ ሌላ ቤት ይነቃና ቁርሱን ይጠይቃል። እሁድ ንጋት በመስኮት ብታዩ ጉድ ነው። ከሐይቁ ጉም ይነሳል፤ ከአበባ እርሻው ሐምራዊ መብራት እየፈሰሰ ይመጣና ጉሙን ያቀልመዋል፤ በዚያ ውስጥ ከተማው ሁሉ የተኛ ልጅ አዝሎ በካልሲ ይሄዳል። ማንም አይናገርም። ሰላምታው በአገጭ ነው። ውሾቹ እንኳ ለምደው እሁድ ንጋት ላይ አይጮሁም። የሚሰማው ልጆቹ በእንቅልፍ ልባቸው የሚያጉተመትሙት ብቻ ነው፤ አንዱ በኦሮምኛ፣ አንዱ በስልጥኛ፣ አንዱ በአማርኛ፣ እንደ ሰነበቱበት ቤት።

ስሙም እንደዚያው ነው። ድሮም ቢሆን አያት አንድ፣ አክስት አንድ፣ ክርስትና እናት ሌላ ስም ታወጣ ነበር፤ እኛ አበዛነው እንጂ አልጀመርነውም። የእኔ ልጅ እኔ ቤት ውዳላት ናት፤ ጋሽ መርጊያ ቤት ቦንቱ፣ ፊት ለፊቴ የምትኖረው ዘሃራ ቤት ፈትያ፣ ላይኛው ፎቅ ያለችው የጥርስ ሐኪም አጸደ ቤት ደግሞ ሶልያና። ለሁሉም "አቤት" ትላለች። ለሁሉም እኩል "አቤት" ማለቷ ነበር አንጀቴን የሚበላኝ።

ዕቁብ ከሆነ ደግሞ ዕጣ አለው። በየሳምንቱ አንዲት እናት ዕጣ ይወጣላትና ተራ የደረሳትን የጎረቤት ልጅ እንደያዘች የራሷንም ጨምራ ለአንድ ሳምንት ትወስዳለች። የእናት ሳምንት እንለዋለን። ልጁን ያስረከበው ቤት የሚቀርበትን የግብር ቅናሽ ሌሎቹ ቤቶች ተጋግዘው ይሸፍኑለታል፣ ዕቁብ ማለት ይኸው አይደል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እያለች ለከረመች ሴት፣ ላሟ የምትወርደው ያን ሳምንት ነው።

ልጅ ሦስት ዓመት ሲሞላው ድጋፉ መልኩን ይለውጣል። ከዚያ በኋላ ልጁ እስኪያድግ በአንድ ቤት ይመዘገባል፣ በሕግም የዚያ ቤት ልጅ ይሆናል። በየትኛው ቤት? የወለደችው እንዳይባል፣ ያሳደጉት ሁሉ ናቸው። ፍርድ ቤቱ በክርክር ብዛት ተማርሮ "ሁሉም እኩል ካሳደጉት ልጁ ራሱ ይምረጥ" ብሎ ተገላገለ። እኛ የእግር እሁድ የምንለው ቀን እንዲህ መጣ። ቤቶቹ ግቢው ውስጥ ዙሪያውን የየራሳቸውን ሰሌን ያነጥፋሉ፤ ልጁ መሃል ላይ ይቀመጣል። መጥራት የለም፣ ማባበል የለም፣ ስም ማንሳት የለም። ሄዶ የተቀመጠበት ሰሌን ቤቱ ነው። ሰው ይመጣል ይሄዳል ተብሎ የሚቆጠረው ሰሌኑ ነው እንጂ ሰሌኑ ላይ ያለው ሰው አይደለም።

ልጆች ብዙውን ጊዜ የሚሄዱት መጨረሻ ወደሰነበቱበት ቤት ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገረውም።

ውዳላትና የዘሃራ ልጅ ሂክመት በአንድ ሰሞን ነው የተወለዱት። የእግር እሁዳቸውም አንድ ቀን ላይ ዋለ። ከዚያ በፊት በነበረው የመጨረሻ ዕጣ፣ ጋሽ መርጊያ ጣሳቸውን አንቃጨሉና ብጣሽ ወረቀቷን አውጥተው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ "ትርንጎ" አሉ።

ትርንጎ እኔ ነኝ። እልል ልል አፌን ከፍቼ ዘሃራን አየኋትና ዘጋሁት።

ዘሃራ ሳንባዋን ታማ ብዙ ጊዜ ሆስፒታል ተኝታለች። የእናት ሳምንቷ የደረሰው እሷ አልጋ ላይ እያለች ነው፣ ለሌላ ተላለፈ። ተራው በሷ መታመም ሲዛባም ሂክመት ደጋግማ እኔ ላይ ወደቀች። የመጨረሻው ሳምንትም አላማረበትም፤ የሂክመት ተራ እኔ ቤት፣ የውዳላት ተራ አጸደ ቤት ሆኖ ነበር። በዚህ ላይ ዕጣው ለእኔ ሲወጣ ሁለቱም ልጆች እኔ ቤት ሊሰነብቱ ነው።

ዘሃራ ደረጃው ላይ ጠበቀችኝ።

"ትርንጎዬ፣ ዕጣሽን ልቀቂልኝ" አለችኝ።

"ዘሃራ፣ እባክሽ..."

"ስሚኝ፣ በአላህ። ሂክመት የምታውቀኝ እንደ ማንኛዋም መንገደኛ ሴትዮ ነው። ከሆስፒታል ከወጣሁ ወዲህ አንድ ሳምንት እንኳ አልጋዬ ላይ አላደረችም። ይቺን ሳምንት ካላገኘኋት እሁድ ወዳንቺ ነው የምትሄደው። አንቺም ታውቂዋለሽ።"

"የእኔስ? እኔ ከለቀቅኩልሽ ውዳላት የምትሰነብተው አጸደ ቤት ነው። የአጸደን ቤት አይተሽዋል? ወለሉ ይሞቃል። ግድግዳው ላይ ዓሣ ይዋኛል። እኔ ምን አለኝ?"

"ውዳላት ግን ታውቅሻለች።"

"ለእኔም አቤት፣ ለአጸደም አቤት። ይሄ ማወቅ ነው?"

ጋሽ መርጊያ ከኋላችን ደረሱ። የሰሙት ሁሉንም ነው፣ ዳኛ ሲሆኑ ጆሮ ይጨመርላቸዋል መሰለኝ።

"እኔ አላዝሽም" አሉኝ። "ዕጣ የእግዜር ነው። ግን የቸገረው ሲለምን መልቀቅ የዕቁብ ወግ ነው። አባቶቻችን በገንዘቡም እንዲህ ያደርጉ ነበር።"

"ጋሽ መርጊያ፣ እርስዎ ልጆችዎን አሳድገው፣ ድረው፣ ኩለው ጨርሰዋል" አልኳቸው። "ለእርስዎ ወግ ቀላል ነው።"

እንዲህ አይባሉም ነበር። ትልቅ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉና "እሱስ ልክ ነሽ" ብለው ወደ ሽንኩርታቸው ወጡ።

አልለቀቅኩም። ዘሃራን አልፌያት ወጣሁ። የውዳላት አባት ለሥራ ብሎ ወጥቶ በዚያው የቀረ ሰው ነው፤ ከዚህች ልጅ ሌላ የእኔ የምለው ነገር አልነበረኝም፣ እሷንም ቢሆን የእኔ ናት ማለት እስከ እሁድ አልችልም። እንዲያ ብዬ ራሴን አጽናና ነበር። አፍሬ ግን ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ።

እሁድ ንጋት ላይ ልጄን ከነእንቅልፏ ተቀበልኳት። ከባድ ሆናለች። አልጋው ላይ አስተኝቼ፣ ሂክመትን አጠገቧ አድርጌ፣ መሬት ላይ ተቀምጬ ሁለቱን አየሁ። ሐምራዊው ብርሃን በመስኮት ገብቶ ብርድ ልብሱ ላይ ተኝቷል። ልጄ ዓይኗን ገለጠች፣ ጣሪያውን አየች፣ ግድግዳውን አየች።

"ዛሬ የማን ቤት ነው?" አለች።

"የእናትሽ።"

ትንሽ አሰበችና "የትኛዋ?" አለችኝ።

ከአበባ እርሻው እረፍት ጠይቄ ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ እሾህ ከማራገፍ አርፌ ልጄን ላጠና። አዎ፣ ላጠና ነው የምለው። ምግብ ሲቀርብ "ቢስሚላህ" ትልና በልታ ስትጨርስ ታማትባለች። ወተት በጨው ትጠጣለች፤ ይሄን ያስለመዳት ማን ቤት እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ስትቆጣ "ኧረ ተይኝ ልጄ!" ትለኛለች፣ ልክ እንደ አንዲት የስልሳ ዓመት ባልቴት። መሳቅ አማረኝ፣ ማልቀስም አማረኝ።

ተጋድማ እንቅልፍ አይወስዳትም። መታዘል አለባት። አዝዬ እወዘውዛታለሁ፣ ዓይኗ እንደፈጠጠ ነው።

"እንደሱ አይደለም" ትለኛለች በትከሻዬ ላይ። "እንደ ቦንቱ ቤት።"

ቦንቱ ቤት ማለት የጋሽ መርጊያ ቤት ነው። እሳቸው ሲሄዱ ዛሬም ጀልባ ላይ እንዳሉ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ዘመም ዘመም ይላሉ። እኔም ዘመም ዘመም አልኩ። በመኝታ ቤቱና በምድጃው መሃል፣ በዚያ ሐምራዊ ብርሃን ውስጥ፣ የአንድ ሽማግሌ አካሄድ ተውሼ የገዛ ልጄን አስተኛሁ። ከዚያ ሂክመት እጆቿን ዘርግታ "እኔን ደግሞ እንደ ትርንጎ" አለች። እንደ ትርንጎ ማለት እንደ ራሴ ነው። ምንም ሳልቸገር፣ ሦስት እርምጃ ሳልሄድ ተኛች።

ከሰዓት በኋላ ሦስታችንም እናንቀላፋለን። አንድ ቀን እንዲህ አየሁ። እኔ ራሴ ታዝያለሁ። ያዘለኝን ሰው ፊት ማየት አልችልም፣ ጀርባው ሙቅ ነው፣ ከተማው በጉም ውስጥ በዝምታ ይሄዳል። "ወዴት ነው የምንሄደው?" ስል፣ በጉሙ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ባንድ ላይ ወደ እኔ ዞሮ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ስነቃ የሂክመት እጅ አንገቴ ውስጥ ነው። የውዳላት ደግሞ የሂክመትን ቀሚስ ጨብጧል። ሁለቱ ተያይዘዋል፣ ወደ እኔ የመጣችው ግን አንዷ ነች።

በዕቁባችን ደንብ እናት ልጇ ወዳለችበት ቤት አትገባም፤ የልጅ ልብ ይዋልላል ይባላል። ዘሃራ ግን በየምሽቱ ግቢው ውስጥ ካለው የውኃ ቧንቧ አጠገብ ትቆማለች። ጀሪካኗ ሞልቶ ይፈሳል፣ አትዘጋውም። ሂክመት ከበረንዳው ታያትና እጇን ታወዛውዛለች።

"ደህና እደሪ፣ እትዬ!"

"እትዬ አይደለችም" አልኳት አንድ ቀን፣ ጎንበስ ብዬ። "እማዬ በያት።"

ሂክመት ታዛዥ ልጅ ናት። "ደህና እደሪ፣ እማዬ!" ብላ ጮኸች። ዘሃራ ደረቷን ያዘች። ወዲያው ቆሻሻ የሚጭነው ሰውዬ በበሩ ገባ፤ ሂክመት ደስ ብሏት "ደህና እደር፣ እማዬ!" አለችው። ሰውዬው ሳቀ። ዘሃራ ጀሪካኗን አንስታ ገባች፣ ማግስቱን አልመጣችም።

እኔ ነኝ ያመጣሁባት። አስተካክላለሁ ብዬ አበላሸሁት።

ቅዳሜ ዕለት አጸደ በሬ ላይ መጣች። እሷ ልጅ የላትም፤ ባሏን ከቀበረች ወዲህ በዕቁቡ ልጆች ነው የምትኖረው። ባለሙያ ሴት ናት፣ ነገር አታበዛም።

"ሶልያና የኋላ ጥርሷ እየወጣ ነው፣ ካለቀሰች ቀዝቃዛ ማንኪያ ስጫት" አለችኝ። ከዚያ ሳትሄድ ቆመች። "ነገ ወደ እኔ ብትመጣ ትጠይኛለሽ?"

"እጠላሻለሁ" አልኳት።

"እኔም ልክ እንደሱ ነው የሚሰማኝ" አለችና ወደ ላይ ወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አከብራታለሁ።

እሁድ ደረሰ። ጉሙ እስኪገፈፍ ተጠበቀ። ሰሌኖቹ ግቢው ውስጥ ዙሪያውን ተነጠፉ። የእኔ በር በኩል ነው፣ የአጸደ መሃል፣ የዘሃራ ደግሞ ወዲያ ጥግ ቧንቧው ጋ። ከወረዳ የመጣችው መዝጋቢ ጥላ ዘርግታ ተቀምጣለች። ጋሽ መርጊያ ሁለቱን ልጆች እጅ ለእጅ አያይዘው አምጥተው መሃል ላይ አስቀመጧቸውና በጣታቸው ጫፍ እየረገጡ ወደ ሰሌናቸው ተመለሱ።

ግቢው ጸጥ አለ። ያን የመሰለ ጸጥታ የሚሰማው ርክክብ ላይ ብቻ ነው። ያ ሁሉ ሰው ለአንዲት ልጅ ያወጣውን ስም በጥርሱ ይዞ ተቀምጧል።

ልጆቹ ተነሱ። እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ዙሪያውን አዩ። ከዚያ ወደ እኔ መምጣት ጀመሩ። ሁለቱም! እሰይ፣ እሰይ ልጄ፣ እላለሁ በሆዴ። አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ፣ ውዳላት ፈገግ አለችልኝ።

በልጆቹ ራስ ላይ አሻግሬ ዘሃራን አየኋት። አላለቀሰችም። ጎንበስ ብላ የሰሌኗን ጫፍ መጠቅለል ጀምራለች፤ ገና ሳያልቅ፣ ገበያው እንዳልቀናው ነጋዴ።

ተነሳሁ። ለምን ተነሳሽ ብለው ብዙ ሰዎች ጠይቀውኛል፣ እኔም ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄያለሁ። ካሰብኩበት ባልተነሳሁ ነበር። ሰሌኔን ባዶውን ትቼ፣ ግቢውን አቋርጬ፣ በልጆቹ አጠገብ ሳልነካቸው አልፌ፣ ዘሃራ ሰሌን ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ።

"ትርንጎ! ምን ነካሽ?" አሉ ጋሽ መርጊያ፣ ዝም መባሉን ራሳቸው ረስተው።

"ምን እያደረግሽ ነው?" አለችኝ ዘሃራ በሹክሹክታ። "ሂጂ፣ ወደ ሰሌንሽ ሂጂ! አብደሻል?"

ልጆቹ መሃል መንገድ ላይ ቆመው ነበር። ባዶውን ሰሌን አዩ። ዞሩ። ሂክመት አየችኝና የውዳላትን እጅ ለቅቃ በሩጫ መጣች፣ እቅፌ ውስጥ ተወረወረች። አሁን ሂክመት ያለችው ዘሃራ ሰሌን ላይ ነው። ዘሃራ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

የእኔ ልጅ ግን እዚያው ቆማ ቀረች። ብቻዋን። ወደ እኔ አየች። ወደ አጸደ አየች፤ አጸደ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አልተንቀሳቀሰችም፣ እንባዋ ብቻ ይወርዳል። ውዳላት ወደ እሷ አንድ እርምጃ ሄደች። በገዛ እጄ ነው፣ ማንን እከሳለሁ። "ውዳላት" ልል ነበር፤ ከንፈሬን ነክሼ ደም ቀመስኩ።

ልጄ ቆመች። አጸደን በደንብ አየቻት። ከዚያ ዞራ፣ ሳትቸኩል፣ ዘመም ዘመም እያለች መጣች። ከፊቴ ቆማ እቅፌን አየች፣ ሂክመት ሞልታዋለች።

"ቦታ የለም" አለችና ሄዳ ዘሃራ ጭን ላይ ቁጭ አለች።

መዝጋቢዋ ከጥላዋ ሥር "ሁለቱም ዘሃራ ቤት" አለች።

ጋሽ መርጊያ እየተንገዳገዱ መጡና ፊቴ ቁጢጥ አሉ። "ልጄ፣ የሚቆጠረው ሰሌኑ ነው። ታውቂያለሽ አይደል?"

"አውቃለሁ" አልኩ። ከዚያ አለቀስኩ። ምን እደብቃለሁ፣ ሂክመት እስክትደነግጥ ድረስ ጮክ ብዬ ነው ያለቀስኩት።

"አልወስድብሽም" ትለኛለች ዘሃራ፣ የእኔን ልጅ እንዳቀፈች። "ወላሂ አልወስድብሽም። ዛሬውኑ ይዘሻት ግቢ።"

ቃሏን ጠበቀች። ዘሃራና እኔ በራችን ፊት ለፊት ነው፤ አሁን ሁለቱም በሮች አይዘጉም። ሂክመት ሳምንቱን ሙሉ ዘሃራን እትዬ ስትል ቆየች። አንድ ጠዋት ግን ዘሃራ ስታስል ውኃ በብርጭቆ ይዛላት ስትሮጥ አየሁ፣ ግማሹን መንገድ ላይ ደፍታዋለች። ዘሃራ የተረፈችውን ጠጥታ ቀኑን ሙሉ ስትስቅ ዋለች። ውዳላት ደግሞ እኔ ጋ ታድራለች። "ዛሬ የማን ቤት ነው?" ማለቷን ተወች። እማዬ የምትለኝም እኔን ብቻ ሆነ፤ ዘሃራን ስሟን ትጠራታለች።

አንድ ቀን ሽንኩርት እየከተፍን ዘሃራ ቢላዋዋን አስቀመጠችና "ትርንጎ፣ አንቺ ሞኝ ነሽ እንዴ?" አለችኝ። "ለምን ሄደሽ አትመዘገቢም?"

"ለምኑ?"

"የእኔን ልጅ እያሳደግሽልኝ እኮ ነው! ውዳላት በሕግ የእኔ ናት። አንቺ የሌላ ሰው ልጅ ጠባቂ ነሽ። ግብርሽ ይቀልልሻል፣ ድጎማውም እስክታድግ ድረስ ነው።"

ተያየን። ከዚያ በሳቅ ፈነዳን። እሷ ሳል እስኪያፍናት፣ እኔ ግድግዳ እስክደገፍ። ደርዘን ቤት፣ አርባ ዓመት፣ ይሄ ሁሉ ዕጣና ይሄ ሁሉ ሰሌን፤ የገዛ ልጇን በመንግሥት ድጋፍ የምታሳድግ የመጀመሪያዋ ሴት እኔ ልሆን ነው። የሚያስፈልገው ልጅቷ የእኔ አለመሆኗ ብቻ ነበር።

ሰኞ ውዳላትን አዝዬ ወደ ወረዳ ሄድኩ። ሰልፉ ረጅም ነበር፣ ሁሉም ሰው ልጅ አዝሏል፤ በመጋረጃው የገባው ብርሃን ሁሉንም አፍዝዞታል። አንዱ ሲያዛጋ ሰልፉ በሙሉ ያዛጋል። የእኔዋ ግን አልተኛችም። አገጯን ትከሻዬ ላይ አድርጋ ሰዉን ትቆጥራለች፣ የምታውቀው ቁጥር ሲያልቅባት እንደገና ትጀምራለች።

ተራዬ ደረሰ። መዝጋቢዋ ያቺው ጥላ ይዛ የመጣችው ሴት ናት። እኔን አላስታወሰችኝም። ስሜን ጠየቀች፣ ነገርኳት። የልጅቷን ስም ጠየቀች፣ የተመዘገበው ፈትያ ስለሆነ "ፈትያ" አልኩ።

"በሕግ የእናቷ ቤት?"

"የዘሃራ።"

"እርስዎ ለሕፃኗ ምኗ ነዎት?"

ውዳላት መቁጠሯን አቆመች፤ ትንፋሿ ጆሮዬ ላይ ነው። ዝምታዬ ሲረዝምባት በጣቷ ጉንጬን ነካ ነካ አደረገችኝ።

"እማዬ" አለችኝ፣ "ጠየቀችሽ እኮ።"

መዝጋቢዋ ቀና አላለችም። በእኛ ከተማ ልጅ ሁሉንም እማዬ ይላል።

"ጎረቤቷ ነኝ" አልኩ።